ጥያቄውን ማን ጻፈው? የበጎ አድራጎት ፕሮጀክቶች ግምገማና የማኅበረሰቡ ድርሻ

በሥነ ምግብ ፕሮጀክቶች ግምገማ በብዛት የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ። ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነች ሴት ባለፈው አንድ ቀንና ሌሊት ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ ከ5ቱ መመገቧ ይጠየቃል። አምስት ከሞላች አመጋገቧ በቂ ስብጥር አለው ተብሎ ይመዘገባል። ከ10ሩ ምድቦች ሦስቱ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ ናቸው። እንግዲህ አብዛኛው ነዋሪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን በሆነበት ወረዳ የመነሻ ጥናቱ በሁዳዴ፣ የማጠቃለያ ጥናቱ ከፋሲካ በኋላ ቢሠራ ፕሮጀክቱ ምንም ባይሠራም ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። ጊዜው ከተገለበጠ ደግሞ በደንብ የሠራ ፕሮጀክት ውጤት አላመጣም ይባላል።

ይህን ለማወቅ የስታቲስቲክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጥያቄው የሚነበብላት እናት ወዲያው "ጾም ነው እኮ" ትላለች። ነገር ግን መጠይቁ ታትሞ፣ በታብሌት ተጭኖ፣ መረጃ ሰብሳቢው ደጇ ከደረሰ በኋላ የተናገረችው ቃል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። መረጃ ሰብሳቢው "አልበላችም" የሚለውን ነክቶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። መጠይቁ ከመጻፉ በፊት ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጥናቶች በአንድ ዓይነት ወቅት ይሠሩ ወይም ቀኑ የጾም መሆኑን የሚመዘግብ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይገባ ነበር።

ስለ ፍትሐዊ ግምገማ፣ ማለትም የሚጠናው ማኅበረሰብ ራሱ ድርሻ ስላለው ግምገማ ሲነሳ ነገሩን እንደ ጨዋነት የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ ማኅበረሰቡን ማክበር፣ ማሳተፍ፣ ማመስገን። ጉዳዩ ከዚያ ይጠልቃል። ማኅበረሰቡ ጥያቄውን ሳያይ የተሠራ ግምገማ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ በተሳሳተው መልስ መነሻነትም ገንዘብ ይለቀቃል ወይም ይቋረጣል።

የተለመደው አሠራር ይታወቃል። የለጋሹ ቢሮ ወይም ፕሮጀክቱን የሚያስፈጽመው ድርጅት ቢጋር (ግምገማው ምን፣ እንዴትና መቼ እንደሚሠራ የሚገልጽ ሰነድ) ይጽፋል፣ ጨረታ ይወጣል፣ አማካሪ ይቀጠራል። አማካሪው መረጃ ሰብሳቢዎችን ይዞ ወደ ወረዳው ይወርዳል፣ መረጃው ይተነተናል፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ይጻፋል፣ አዲስ አበባ ወይም ክልል ከተማ ባለ ሆቴል አዳራሽ የማረጋገጫ አውደ ጥናት ተካሂዶ ሰነዱ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ ሂደት የቀበሌው ሰው የሚገባው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሲጠየቅ።

መመዘኛዎቹም ከላይ የመጡ ናቸው። ዓለም አቀፍ ለጋሾች የሚጠቀሙባቸው መስፈርቶች እ.ኤ.አ. በ1991 በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የልማት ትብብር ኮሚቴ የወጡት አምስት ነጥቦች ሲሆኑ በ2019 ስድስተኛ ተጨምሮባቸዋል፤ ተገቢነት፣ ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተጽዕኖና ዘላቂነት ናቸው። የተለያዩ ወገኖች ያገኙት ጥቅም ልዩነት በውጤታማነት ትርጓሜ ውስጥ ተጠቅሷል፤ "ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ" የሚለው ግን ራሱን የቻለ መስፈርት አልሆነም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው የፍትሐዊ ግምገማ ኢኒሼቲቭ የበጎ አድራጎት ፈንዶችን የሚሞግተው በዚሁ ነው፤ ጥያቄውን የሚመርጠው፣ ማስረጃ የሚባለውን የሚወስነውና በውጤቱ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ሳይመረመር ግምገማ ገለልተኛ ሊባል አይችልም ይላል።

ሥራን በጋራ መመዘን ለእኛ አገር ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የቦረና ኦሮሞ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕጉን ይፈትሻል፣ የመሪዎቹን አፈጻጸም ይመዝናል። በየሰፈሩ ያለ እድርም ሂሳቡን በአባላቱ ፊት ያነባል፤ አባሉም ተነሥቶ ይጠይቃል። ሊሰበሰብ፣ ሊቆጥርና ሊከራከር የሚችል ሕዝብ በአቅም ማነስ ምክንያት አይደለም ከግምገማው ውጭ የሆነው።

ቢጋሩ ከመጻፉ በፊት

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪውም ትንሹ ነው። ቢጋሩ ከመረቀቁ በፊት በሁለት ወይም ሦስት ጎጦች ከ6 እስከ 10 ሰው ያላቸው የተለያዩ ቡድኖች ይቀመጣሉ፦ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ መሬት የሌላቸው ለብቻ፣ ከፕሮጀክቱ ያልተጠቀሙም ለብቻ። የመጨረሻው ቡድን በብዛት ይረሳል፤ የምልመላው ስሕተት የሚታወቀው ግን ከእነሱ ነው። ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ይህ ሥራ ተሳክቷል የምትሉት ምን ስታዩ ነው?" ከመልሱ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ አመላካቾች ተመርጠው ከለጋሹ አመላካቾች ጎን ይገባሉ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ቀን ይበቃል።

የውኃ ፕሮጀክትን እንውሰድ። የለጋሹ ሠንጠረዥ የሚጠይቀው ስንት የውኃ ነጥብ እንደሚሠራ ነው። ሴቶቹ የሚጠይቁት ወረፋውን ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ ራሱ መሠረታዊ አገልግሎት የሚለው ደርሶ መልሱ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው፤ በፕሮጀክት ሪፖርት ላይ ግን ቦኖው ውኃ እስከ ሰጠ ድረስ "ይሠራል" ተብሎ ይቆጠራል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ጀሪካን ለምታሰልፍ ሴት ያ ቦኖ ይሠራል ማለት አይደለም። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ቧንቧው ሲሰበር በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ የጥገና ገንዘቡ ሂሳብ ለማን እንደሚነበብም የሚያነሡት እነሱ ናቸው።

አማካሪ ሲመረጥም ከማኅበረሰቡ የተወከሉ ሁለት ሰዎች ድምፅ ይኑራቸው። ለቴክኒክ ከሚሰጠው ነጥብ ለምሳሌ ከ100 ሃያው ቋንቋውንና አካባቢውን ለሚያውቅ ቡድን ቢያዝ ውድድሩ ይለወጣል። አሁን ነጥቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለዲግሪና ቀደም ሲል ለተጻፉ ሪፖርቶች ብዛት ነው።

መስክ ላይ የሚበላሸው

ናሙናው ብዙ ጊዜ 384 ነው። ይህ ቁጥር 95 በመቶ እርግጠኝነትና 5 በመቶ የስሕተት ህዳግ ከሚለው ቀመር የሚወጣ ሲሆን፣ ሰዎቹ ከጠቅላላው ሕዝብ አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡ ብቻ ትክክል ነው። በተግባር ግን መጀመሪያ ቀበሌ ይመረጣል፣ ከዚያ በቀበሌው ውስጥ ቤተሰብ ይመረጣል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው መስፋት አለበት፤ በተለመደው አሠራር እጥፍ፣ ማለትም 768 ይሆናል። ለዚያ ገንዘብ ስለማይኖር 384ቱ ይያዛል፣ ሪፖርቱም የሌለውን እርግጠኝነት ይናገራል።

ለማኅበረሰብ የሚመች ሌላ መንገድ አለ። በጤናው ዘርፍ የታወቀው ዘዴ ከእያንዳንዱ የክትትል ቀጣና (አንድ ተቆጣጣሪ ከሚከታተለው አካባቢ) 19 ሰው በዕጣ መርጦ ይጠይቃል። ግቡ 80 በመቶ ከሆነ ከ19ኙ ቢያንስ 13ቱ "አዎ" ካሉ ቀጣናው ግቡን ደርሷል ይባላል፣ ካነሰ አልደረሰም። ትክክለኛውን መቶኛ አይነግርም፤ የትኛው ቀጣና ወደ ኋላ እንደ ቀረ ግን ያሳያል። የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣቶች በጥቂት ቀን ጨርሰው ውጤቱን ራሳቸው ሊቆጥሩት ይችላሉ። ኮምፒዩተር ሳይጠበቅ፣ ሰው ሳይበተን ውጤቱ ይታወቃል።

መረጃ ሰብሳቢው ማን ይሁን የሚለው ቀላል መልስ የለውም። የአገሩ ልጅ ቋንቋውንና ደንቡን ያውቃል። ነገር ግን ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ወይም ስለ ኤችአይቪ ጎረቤት ጎረቤቱን ሊጠይቅ አይገባም። የሚሻለው ያንኑ ቋንቋ የሚናገሩ ወጣቶችን በአጎራባች ቀበሌዎች ማቀያየር ነው።

ቋንቋ ሲባል ደግሞ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ ሲዳማ ወይም ባሌ ሲደርስ እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ ቆሞ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። አሥር መረጃ ሰብሳቢዎች ካሉ አሥር መጠይቆች አሉ ማለት ነው። መፍትሔው በሥራ ቋንቋው የተጻፈ አንድ ቅጂ ማዘጋጀት፣ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ እንዲተረጉመው ማድረግ፣ ከዚያም ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ የአካባቢው ሰዎች አንብቦ "ምን ተጠየቅኩ ብለህ ነው የተረዳኸው?" ማለት ነው። ቀንና ሰዓትም እንዲሁ። ኦዲኬ ኮሌክት የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው ካላስገባው ግን መረጃ ሰብሳቢው የልጁን የልደት ቀን በጭንቅላቱ ሲያሰላ ወሩ ይሳሳታል፣ ከዕድሜ ጋር የተያያዘው የምግብ እጥረት መለኪያም አብሮ ይሳሳታል። መሬት በሄክታር ሲጠየቅ ገበሬው በጥማድ ያስባል፤ ጥማድ ደግሞ እንደ አካባቢውና እንደ መሬቱ ይለያያል። በጥማድ ጠይቆ፣ በዚያው ቀበሌ ጥቂት ማሳዎችን ለክቶ ማመሳከር ከግምት ይሻላል።

ወቅቱ ከጾም ባሻገርም ያሳስታል። በነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው፤ በጥር ሙሉ ነው። መነሻው በነሐሴ፣ ማጠቃለያው በጥር ከሆነ የምግብ ዋስትናው የተሻሻለው በመኸሩ ይሁን በፕሮጀክቱ መለየት አይቻልም። በገበያ ቀን፣ በወር በዓልና በዓርብ የጁምዓ ሰዓት የሚጠራ ስብሰባም መምጣት የሚፈልገውን ሰው ያስቀራል። በክረምት ደግሞ መኪና የሚገባበት መንገድ ዳር ያለው ቀበሌ ብቻ ይጠናል፤ ወንዝ ማዶ ያለው ይተዋል። ችግሩ የሚብሰው ግን ወንዝ ማዶ ነው።

መልሱ ራሱ ሁለት ነገር ይደብቃል። አንዱ ይሉኝታ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ "አገልግሎቱ እንዴት ነው?" ሲል መልሱ "ተመስገን፣ ደህና ነው" ይሆናል። ከአንድ እስከ አምስት የእርካታ ደረጃ ይህን ሊያልፈው አይችልም። በንጽጽር መጠየቅ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 20 ባቄላ ሰጥቶ ለአምስቱ የፕሮጀክቱ ሥራዎች እንደ ጠቀሜታቸው እንዲያከፋፍል፣ ያውም በመጋረጃ ጀርባ በተቀመጡ ጣሳዎች ውስጥ። ማንም ሰው ማንንም ሳይነቅፍ የትኛው ሥራ እንዳልጠቀመ ይታወቃል። ሌላው ፍርሃት ነው። ብዙ ሰው መጥፎ ከተናገረ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር የሚሰረዝ ይመስለዋል። የቀበሌ ሹም በተቀመጠበት አዳራሽ የሚደረግ የቡድን ውይይት ከማድረግ አለማድረግ ይሻላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምልመላ ኮሚቴና የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ለየብቻ እንዲሆኑ ያደረገው በከንቱ አይደለም፤ የመረጠው ሰው ቅሬታ ሰሚ ከሆነ ቅሬታ አይመጣም። የግምገማው ሰዎችም ፕሮጀክቱን ካስፈጸሙት መለየት አለባቸው።

ማኅበረሰብ የሚባለውም አንድ ድምፅ የለውም። ሽማግሌዎች ከተናገሩ ወጣቱ ዝም ይላል፤ በአንዳንድ አካባቢ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ጋር አብረው እንኳ አይቀመጡም። "ማኅበረሰቡ ተስማምቷል" የሚል ሪፖርት የጠንካሮቹን ስምምነት የሁሉም ያስመስላል። ቡድኖቹን ለየብቻ አስቀምጦ ልዩነታቸውን እንዳለ መጻፍ ነው ትክክሉ። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሰው መሰብሰብ ራሱ አደጋ አለው። ስልክ አማራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ስልኩ ብዙ ጊዜ በባል እጅ ስለሆነ ሴቶቹ ከጥናቱ ይወጣሉ። እንዲህ ሲሆን ያልተደረሰባቸው እነማን እንደሆኑ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው።

ምስጢርም አለ። በአንድ ቀበሌ አንዲት አካል ጉዳተኛ መምህርት ብቻ ካለች "አካል ጉዳተኛ መምህርት እንዳሉት" ብሎ መጻፍ ስሟን መጻፍ ነው። ከ5 ሰው በታች የሆነ ቁጥር ከሌላው ጋር ተደምሮ ይቅረብ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል፤ የጤናና የብሔር መረጃ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ገንዘቡ

ለክትትልና ግምገማ የሚመከረው ከፕሮጀክቱ በጀት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በጀት ሲጠብ ከውስጡ መጀመሪያ የሚሰረዘው ውጤቱን ለማኅበረሰቡ መልሶ ማቅረቢያው ነው። ስለዚህ ከግምገማው ገንዘብ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ለትርጉም፣ ለመልሶ ማቅረቢያ ስብሰባና ለተሳታፊዎች ክፍያ ተለይቶ በውል ይያዝ። አሁን ባለው አሠራር የቀበሌው ሊቀመንበር አበል ይፈርማል፤ ግማሽ ቀን ሥራዋን ፈትታ የመጣችው ገበሬ ለስላሳና ብስኩት ትሸኛለች። ቢያንስ የአካባቢው የቀን ሥራ ክፍያ ግማሽ ለሁሉም እኩል ሊከፈል፣ ሕፃን ለያዘች እናትም ልጅ የሚይዝላት ሰው ሊዘጋጅ ይገባል።

በአገራችን የሕጉ ታሪክም ተጽዕኖ ነበረው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የነበረው የ70/30 መመሪያ (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ክትትልና ግምገማን፣ ሥልጠናንና የመስክ ጉዞን ከአስተዳደር ወጪ ይደምር ስለነበር ወደ ቀበሌ ደጋግሞ መውረድ ድርጅቱን ያስቀጣ ነበር። ያን አዋጅ በተካው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ቢሆንም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው። ከለጋሽ ጋር በጀት የሚደራደር ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል።

የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት የሆነው የዩኤስኤይድ መዘጋት ጉዳዩን አክብዶታል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ድጋፉ ሲቋረጥ በዚያው ገንዘብ ይደገፍ የነበረው ዓለም አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራምም ቆመ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 ያካሄደቻቸው ጥናቶች ለብዙ ፕሮጀክቶች የማነጻጸሪያ መነሻ ነበሩ። ትልቁ ጥናት ሲዘገይ የየአካባቢው ትንንሽና ተደጋጋሚ ልኬት ዋጋው ይጨምራል።

ካርዱ የሚሠራበትና የማይሠራበት

ማኅበረሰብ መር ግምገማ ሲባል በብዛት የሚጠቀሰው የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ ነው። ኬር የተባለው ድርጅት በማላዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀመረው። ነዋሪዎች የአገልግሎቱን መለኪያ ራሳቸው አውጥተው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ባለሙያዎቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ሥራ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር ያወጣሉ። ዑደቱ ከወራት በኋላ ይደገማል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ዘርፎች ተጠቅሞበታል፤ ጤና ሚኒስቴርም ለጤና ተቋማት ተቀብሎታል። መለኪያዎቹ በአገር ደረጃ አንድ ሲሆኑ ወረዳን ከወረዳ ማነጻጸር ይቻላል፤ ነገር ግን ነዋሪው የራሱን ጥያቄ የሚያወጣበት የመጀመሪያው ደረጃ ይጠፋል። ለእኔ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ቢያንስ ሁለት መለኪያ ለነዋሪው ክፍት ሊተው ይገባል።

ማስረጃው የተደባለቀ ነው፤ የዘርፉ ሰዎች ይህን ሳይሸሹ ሊያዩት ይገባል። በኡጋንዳ በ50 ጤና ተቋማት አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ነዋሪዎች ጤና ሠራተኞችን ሲከታተሉ ከአምስት ዓመት በታች የሕፃናት ሞት በ33 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በኋላ በዚያው አገር በ376 ጤና ጣቢያዎች የተደረገ ሰፊ ሙከራ የሞት ቅነሳውን ሊደግመው አልቻለም። በታንዛኒያና በኢንዶኔዥያ በእያንዳንዳቸው 200 መንደሮችን ያካተተው ተመሳሳይ ሙከራም በእናቶች ጤና አማካይ ውጤት ላይ ለውጥ አላሳየም።

ይህ የሕዝብ ድምፅ ከንቱ መሆኑን አያሳይም። ነርሷ የመጡትን በትሕትና ልትቀበል፣ በሰዓቷ ልትገባ ትችላለች፤ መድኃኒቱን ግን ከማዕከል ካልተላከላት አታመጣውም። የድርጊት መርሐ ግብሩ በክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ሊፈጽመው በማይችል ነገር ከተሞላ በሁለተኛው ዙር ሰው አይመጣም። ስለዚህ ፊት ለፊት ውይይቱ ላይ በጀት የሚፈቅድ ሰው፣ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና ከለጋሹ ጭምር፣ መቀመጥ አለበት። እያንዳንዱ ነጥብ "በእጃችን ያለ"፣ "በወረዳ እጅ ያለ"፣ "ከዚያ በላይ የሆነ" ተብሎ ይለይ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስም፣ የሥልጣን ደረጃና ቀን ይጻፍባቸው።

በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በገልፍ አገሮች ያሉ የአካባቢ ተወላጅ ማኅበራትም ለጋሾች ናቸው። ትምህርት ቤት ያሠራሉ፣ ጤና ጣቢያ ያድሳሉ፤ ግምገማቸው ግን ብዙ ጊዜ የምረቃ ቀን ፎቶግራፍ ነው። ትልቅ አማካሪ አያስፈልጋቸውም። የሰፈሩ እድር ያወጣቸው ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች በዕጣ የተመረጡ 19 ቤተሰቦችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ወር ይጠይቁ። በመስከረም የተመዘገቡት ልጆች በመጋቢት ስንቱ እንዳሉ ከመምህሩ መዝገብ ይቆጠር። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በር መቆለፉና ውኃ መኖሩ ይታይ። ገንዘቡ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ቆጠራው ይደገም፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው የዕቃ ዋስትናው ካለፈና ያሠሩት ሰዎች ትኩረታቸው ወደ ሌላ ከዞረ በኋላ ነውና።

ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊት አምስት ወይም ስድስት ዋና ውጤቶች በትልቅ ወረቀት ተጽፈው ወደ ሰዎቹ ይመለሱ፤ "ለምን እንዲህ ሆነ?" ይባሉ። ሽንት ቤት ተሠርቶ ያልተጠቀሙበትን ምክንያት ሠንጠረዥ አይናገርም፤ በሩ ወደ መንገድ ስለሚከፈት መሆኑን የሚነግሩን እነሱ ናቸው። አማካሪው ካልተስማማ ሁለቱም ትርጓሜ ጎን ለጎን ይጻፍ። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ በአካባቢው ቋንቋ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶ በእድር፣ በማኅበርና በአካባቢ ሬዲዮ ይነበብ። ለጋሹም በ60 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ "ተቀብያለሁ"፣ "በከፊል" ወይም "አልተቀበልኩም" ብሎ ምክንያቱን እንዲጽፍ፣ ያልተቀበለበት ምክንያትም በዚያው ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ በውሉ ውስጥ አንቀጽ ይግባ።